ከጀርባችን ያለው ግድግዳ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፎቶግራፍ ነው። ስለ ሠርግና ስለ ክርስትና ፎቶግራፍ ግን አይደለም፤ የዚያ እጥረት የለብንም። ሐበሻ የሚታማው በሌላ እንጂ በሠርግ ፎቶ ማነስ አይደለም። ነገሬ ሰው ከፊት ቆሞ ሲነሳ ከጀርባው ስለሚቀረው ነው፦ ስለ ግድግዳው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ሱቁ ስም፣ ባጭሩ ስለ ከተማው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ቶሮንቶ የገባን ሰዎች ወደ ሀገር ቤት የላክነውን ፎቶግራፍ አስታውሱ። አንደኛው ዓይነት በረዶ ላይ ካፖርት ለብሶ መቆም ነው። ሁለተኛው ናያግራ ፏፏቴ ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን መንገድ ዳር የቆመ የሰው መኪና ተደግፎ መነሳት ነበር። ባለመኪናው ብቅ ሳይል ቶሎ ጠቅ! እናት ሀገር ቤት ሆና «ልጄ መኪና ገዛ» እያለች ለጎረቤት ታሳያለች። ይሁን፤ እናት ደስ ካላት ምን ቸገረን። ዛሬ ያንን ፎቶ ስታወጡት ግን መኪናው ቁም ነገር አይደለም። ዓይናችሁ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከትከሻችሁ በላይ የሱቁ ስም አለ። መስታወቱ ላይ በእጅ የተጻፈ «እንጀራ አለ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከሱ ሥር የዘፈን ምሽት ማስታወቂያ፣ ከዚያም ጎን የተዝካር ጥሪ አለ። ያ ሱቅ ዛሬ የለም። ሱቁ በዓለም ላይ ለመኖሩ ያላችሁ ማስረጃ፣ የሰው መኪና ተደግፋችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እኔ በበኩሌ ከ1991 ጀምሮ አንድ ልማድ አለኝ። በየዓመቱ የእንቁጣጣሽ ዕለት ከባተርስት ሳብዌይ ጣቢያ ወጥቼ፣ በክሪስቲና በኦሲንግተን አልፌ፣ እስከ ደፈሪን ድረስ ብሉርን በእግሬ እሄዳታለሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመንገዴ ላይ የሐበሻ እጅ ያለበትን በር ሁሉ፣ ምግብ ቤቱን፣ ቅመም ቤቱን፣ ፀጉር ቤቱን፣ የካሴትና የቪዲዮ ሱቁን፣ ከማዶ ቆሜ ፊት ለፊት አነሳዋለሁ። በፊልሙ ዘመን አንዱ ጥቅል 36 ፎቶ ብቻ ነበረውና፣ ማሳጠቢያውም ርካሽ ስላልነበረ፣ አንድን በር ከአንድ ጊዜ በላይ አላነሳም ነበር። በሩ ቢዘጋም ማንሳቴን አላቆምም፤ በእሱ ቦታ የመጣውን አነሳለሁ። ፎቶግራፍ ሙያዬ አይደለም፤ እንጀራዬ ሌላ ነው። የበሩን ቁጥር፣ የሱቁን ስምና የተለጠፈውን ዋጋ ማንበብ ከቻልኩ ይበቃኛል።

የአንድ ዓመት ፎቶ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ቅመም ቤት ነው፤ በቃ። ዓመታቱ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን መናገር ይጀምራሉ። አንድ በር ልንገራችሁ። በ1993 ስሙ በአማርኛ ብቻ ተጽፏል፤ ሰሌዳው የቤት ሥራ ነው፤ ቀለሙ ወርዶ ይታያል። በ1996 እንግሊዝኛው ከሥር በትንሹ ገባ። በ2000 እንግሊዝኛው ወደ ላይ ወጣ፣ አማርኛው ወደ ታች ወረደ፤ መስኮቱ ላይም የበየዓይነቱ ትልቅ ፎቶ ተሰቀለ። በ2006 አማርኛው የለም፤ ሥጋ ለማይበሉ የሚሆን ምግብ እንዳለ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። በ2013 «ለኪራይ» የሚል ሰሌዳ አለ። በ2014 የሻይ ሱቅ ሆኗል። እንግዲህ ከዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ምግብ ቤት አየ። ስድስቱን አንድ ላይ ያየ ግን ደንበኛው ከኛ ወደ ፈረንጁ መቼ እንደተሻገረ፣ እኛም ኑሯችን ወደ ከተማው ዳርቻ ሲሸሽ ብሉርን ለእንግዳ እንዴት እንደተውንላት ያነባል። ይህንን ታሪክ ማንም በመጽሐፍ አልጻፈውም። በሩ ላይ ግን ተጽፎ ነበር።

የ2001 ፎቶዎቼ ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ፣ በኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1994፣ የኒውዮርኮቹ ሕንጻዎች የተመቱበት ዕለት ነበር። ምግብ ቤቶቹ ክፍት ናቸው፤ ቄጤማውም ተጎዝጉዟል። በመስኮት ሲታይ ግን የተቀመጠ ሰው የለም፤ ሁሉም ቴሌቪዥኑ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። እኔ ያነሳሁት እንደ ወትሮው በሩን ነው። የሚታየው ግን የዓመት በዓል ልብሱን ለብሶ ዓለም ሲለወጥ የሚመለከት ወገን ነው። ፎቶግራፍ እንዲህ ነው፤ አንሺው ከሚያስበው በላይ ይይዛል።

ብሉር ከተነሳች ኦነስት ኤድስ ሳይነሳ አይታለፍም። ኤድ ሚርቪሽ በብሉርና በባተርስት ማዕዘን በ1948 የከፈተው ያ ርካሽ ሱቅ በ23,000 አምፖሎች ሌሊቱን ቀን ያደርገው ነበር። ስንቶቻችን ነን የመጀመሪያውን ድስት፣ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ፣ የመጀመሪያውን ጓንት እዚያ የገዛን! ውስጡ እንደ መርካቶ ጉራንጉር ሰው ይጠፋበታል፤ ሱቁ ራሱ «ግቡና ጥፉ» እያለ ይቀልድ ነበር። የዋጋ ካርዶቹን በእጃቸው የሚጽፉ ባለሙያዎች ነበሩት። ሚርቪሽ በ2007 አረፈ። ቦታው በ2013 ተሸጠ። በ2014 እነዚያ የእጅ ጽሑፍ ካርዶች ለሕዝብ ሲሸጡ ሰው ረጅም ወረፋ ይዞ ገዛቸው። ዲሴምበር 31 ቀን 2016 ሱቁ ተዘጋ፤ ከዚያም ፈረሰ። አሁን በቦታው ረጃጅም የኪራይ ቤቶች ቆመዋል።

ኦነስት ኤድስ የፎቶ ችግር አላገኘውም። መሸጡ ከተሰማ ጀምሮ ካሜራ ያለው ሁሉ እየሄደ ተሰናበተው። የኔ ሐሳብ ያለው ከሱ ወዲያ ባሉት ትንንሾቹ ላይ ነው። ትልቅ ነገር ሲሞት ቀብር አለው፤ ለቀስተኛ አለው፤ ጋዜጣ ይጽፍለታል። ትንሹ ግን አንድ ሰኞ ጠዋት መስታወቱ ላይ ቡናማ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ በቃ፣ አለቀ። በኦንታርዮ ለብዙው የመኖሪያ ቤት የኪራይ ጭማሪ ልክ ተበጅቶለታል፤ ለሱቅ ኪራይ ግን ጣሪያ የለውም። ውሉ ሲያልቅ ባለቤቱ የፈለገውን ይጠይቃል። በ2020 ደግሞ ኮቪድ መጣና ኪራዩን ችለው የቆዩትን በራቸውን አዘጋቸው። ከሁለቱ የተረፉትን በየዓመቱ ሳነሳ «እንኳን አደረሳችሁ» የምለው ከልቤ ነው።

ይህ በኛ የተጀመረም አይደለም። ከ1956ቱ አመፅ በኋላ ካናዳ 37,000 ያህል የሀንጋሪ ስደተኞችን ተቀብላለች። ብዙዎቹ ቶሮንቶ ገብተው ከባተርስት በምሥራቅ በኩል ባለው በብሉር ክፍል የሀገራቸውን ምግብ ቤቶች በተርታ ከፈቱ። እነሱም በመንግሥት ለውጥ የተሰደዱ፣ ፖለቲካ በቡና የሚያወርዱ፣ «በሚቀጥለው ዓመት እንገባለን» ሲሉ ልጆቻቸው እዚሁ ያደጉባቸው ሰዎች ነበሩ። ተርታው ዛሬ የለም። ከባተርስት እስከ ክሪስቲ ያለው ደግሞ የኮርያውያን ሰፈር ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ እኛ መጣን። መንገዱ ስደተኛን በየተራ ያስተናግዳል፤ ለማንም ግን ርስት አይሰጥም። ለተረኛው ከመልቀቅ በፊት «እዚህ ነበርን» የሚል ነገር መተው የኛ ፈንታ ነው።

«ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ፎቶ ቤት ከመፍረስ አያድን!» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። እውነቱን ነው፤ አያድንም። ለሱ የምመልስለት የዚህችኑ ከተማ ታሪክ ነው።

ቶሮንቶ ከ1911 እስከ 1940 አርተር ጎስ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ፎቶግራፍ አንሺ ነበራት። ሥራው የቢሮ ሥራ ነው። መሐንዲሱ «ይህ ቱቦ ሲቀበር አንሳ» ይለዋል፤ ያነሳል። «ይህ መንገድ ሲነጠፍ አንሳ» ይለዋል፤ ያነሳል። ብሉርን ከዳንፎርዝ የሚያገናኘው ትልቁ ድልድይ ሲሠራ ደረጃ በደረጃ አንስቶታል። ድልድዩ በ1918 ተከፈተ። ሠሪዎቹ አንድ ቀን ባቡር ይመጣል ብለው ከመኪናው መንገድ ሥር ቦታ ትተውለት ነበር፤ ባቡሩም በ1966 መጥቶ አለፈበት። ዛሬ ከብሉሩ ሐበሻ ወደ ዳንፎርዙ ሐበሻ በሳብዌይ ስትሻገሩ የምታልፉት በዚያው ነው።

ጎስ ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው ግን «ዘ ዋርድ» የሚባለውን የድሆች ሰፈር በማንሳቱ ነው። ሰፈሩ ዛሬ አዲሱ ማዘጋጃ ቤት፣ ያ በ1965 የተከፈተው እንደ ሁለት መዳፍ ክብ የሠራው ሕንጻ፣ የቆመበት አካባቢ ነው። አይሁዱ፣ ጣልያኑ፣ ቻይናው፣ ጥቁሩ፣ አዲስ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፍበት ነበር። የከተማው የጤና ሹም ዶክተር ቻርልስ ሄስቲንግስ ሰፈሩ ንጽሕና የጎደለውና የተጨናነቀ መሆኑን ለሹማምንቱ ማሳየት ፈለገ፤ ጎስም ሄዶ ጓሮውን፣ የጋራ ሽንት ቤቱን፣ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ፣ ሕፃናቱን አነሳ። ልብ በሉ፤ ፎቶዎቹ የተነሱት ሰፈሩ ተወዶ አይደለም። «ይህ መቅረት አለበት» ለማለት ነው። ሰፈሩም ቀስ በቀስ ፈርሶ አለቀ። ዛሬ የእነዚያ ሕፃናት የልጅ ልጆች አያቶቻቸው የኖሩበትን ማየት ሲፈልጉ የሚሄዱት ወዴት ነው? ወደ እነዚያው ክስ ለማቅረብ ወደተነሱት ፎቶዎች። ስፓዳይና መንገድ ላይ፣ ቁጥር 255፣ የከተማው ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ማንም ገብቶ በነፃ ያያቸዋል። ያፈረሰው ሰው እንኳ አስቀድሞ አንስቶ ነው ያፈረሰው። ለዚያ ወዳጄ መልሴ ይኸው ነው። ቤቱን አናድንም፤ ቤቱ ነበረ ማለትን ግን እናድናለን።

በኛ ዘመንም እንደዚሁ የሠራ አለ። ፓትሪክ ከሚንስ የሚባል የቶሮንቶ ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ተራ ሱቆችንና ቤቶችን ፊት ለፊት እየቆመ፣ ወደ አንዱ በር ደጋግሞ እየተመለሰ አንስቷል። ሥራው ከሾን ሚካሌፍ ጽሑፍ ጋር በ2012 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። መጽሐፉ ውስጥ ባንክና ቤተ መንግሥት አትፈልጉ፤ የማዕዘን ሱቅ፣ ጋራዥና ተራ ቤት ነው ያለው። ከሱ በፊት በፓሪስ ኤጄን አትዤ፣ በኒውዮርክም በረኒስ አቦት በ1930ዎቹ እንዲሁ አድርገዋል። አትዤ ደጃፉ ላይ «ለሠዓሊዎች የሚሆን ማስረጃ» የሚል ጽሑፍ ሰቅሎ ፎቶውን ይሸጥ ነበር። ራሱን ማስረጃ አቅራቢ አድርጎ ነው ያየው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ስደታችን ከተማ ነው። አሁን ወደ ቤታችን ልውሰዳችሁ፤ ነገሩ የሚያመው እዚያ ነውና።

በ2024 መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ስም የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ሲፈርሱ፣ በዚያው ዓመት መገባደጃም ካዛንቺስ ሲከተል፣ ቶሮንቶ ያለን ሰዎች በእጅ ስልካችን ላይ አየነው። ካዛንቺስ ስሙ ራሱ የመጣው ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» ቤቶች ነው፤ ሠሪው ሄዶ ስሙና ግንቡ ለኛ ቀርቶልን ነበር። ፈረሳው ይገባ ነበር፣ አይገባም ነበር የሚለውን ክርክር በየቡና ቤቱ አድርገነዋል፤ ዛሬ አልደግመውም። እኔ የማነሳው ሌላ ነገር ነው። በዚያን ሰሞን ስልኬ አላርፍ አለ። «ብሉርን ታነሳለህ አሉ፤ የኛን ሰፈር የሚያሳይ ፎቶ አታገኝልኝም?» የሚል ሰው በዛ። ሰው ቤቱ መፍረሱን በቪዲዮ አየ፤ የቆመበትን ፎቶ ግን አጣ!

ለምን አጣን? ምክንያቱ ብዙ ነው። የኛ ትውልድ ፎቶ የሚነሳው ፎቶ ቤት ገብቶ፣ አበባ የተሳለበት መጋረጃ ፊት፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። ሰፈሩ አይታይም፤ የሚታየው መጋረጃው ነው። ካሜራ ያለው ቤት ጥቂት ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ካሜራ አንግቶ መንገድ ላይ መቆም «ለማን ነው የምታነሳው?» የሚል ጥያቄ ያስከትል ነበር። በሱዳን በረሃ በእግሩ የወጣ ሰው ደግሞ አልበም ይዞ አይወጣም፤ ውሃ የሚይዝበት ካገኘ እድለኛ ነው። የድሮዎቹ ባለሙያዎችም ቢሆኑ፣ በምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም፣ የሚታወሱት በቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺነታቸው ነው። ንጉሡንና መኳንንቱን አቆዩልን። የቦኖ ውሃ ተራ የሚጠብቀውን ማን ያንሳው?

ደግነቱ ፈጽሞ ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር ከ1867 እስከ 1935 የተነሱ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎችን ሰብስበው በ1996 አሳትመዋል። አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስ ከዚሁ ከዤራር ጋር ሆነው ከ1886 እስከ 1941 ያለውን የአዲስ አበባ የሕንጻ ቅርስ በ2007 በመጽሐፍ አውጥተዋል። ሚሌና ባቲስቶኒና ጃን ፓዎሎ ኪያሪ ደግሞ በ2004 ባወጡት መጽሐፍ የድሮ ቤቶችን በየሰፈሩ እየዞሩ መዝግበዋል። ስድስት ኪሎ በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም የፎቶግራፍ ክምችት አለው። እነዚህን መጽሐፎች ያገኘ ሰው ቤቱ እንዳይወጡ ይያዛቸው። ነገር ግን የነሱ ዓይን በአብዛኛው ያረፈው በታሪካዊው ቤት ላይ ነው። የናንተ ጓሮ እዚያ የለም። የናንተ ጓሮ ያለው የክርስትናችሁ ፎቶ ጀርባ ላይ ነው።

አንዲት እናት ናቸው ይህን ያሳዩኝ። ዶሮ ማነቂያ ወልደው ከብደው ያደጉበት ቤታቸው ፈርሷል። «የቤቴ ፎቶ የለኝም» ብለው ደወሉልኝ። ደፈሪን አጠገብ ያለው አፓርታማቸው ሄጄ «እማማ፣ እስቲ ያለውን ሁሉ ያውጡት» አልኳቸው። ያወጡት ሁሉ ሰው ነው፤ የልጅ ክርስትና፣ የልጅ ምርቃት፣ የእህት ሠርግ። አንዱን የክርስትና ፎቶ አንስቼ በስልኬ አጎላሁትና ሰዎቹን ትቼ ከጀርባቸው ያለውን አሳየኋቸው። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለ፤ ከበሩ ግራ ቦኖ፤ ከቦኖው ሥር የተደረደረ ጀሪካን። ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ስልኬ ላይ አድርገው፣ «ይቺ ቢጫዋ የኔ ናት። ያቺ ክዳን የሌላት የጎረቤቴ ናት፤ ነፍሷን ይማር፣ ሁልጊዜ ተራዬን ትይዝልኝ ነበር» አሉ። አለቀሱ። ሕፃኑን፣ ዛሬ ጎልማሳ የሆነውን የገዛ ልጃቸውን ግን ልብም አላሉት! ትንሽ ቆይተው ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ «ሽንት ቤቱን ግን አልናፍቅም፤ እውነት እንነጋገር ከተባለ» ብለው አሳቁኝ። አንድ ፎቶ ውስጥ ሁለቱም አለ። የሚናፈቀውም የማይናፈቀውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የገባኝ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ቤተ መዛግብት ያለው ስድስት ኪሎ ብቻ አይደለም። ግማሹ ቶሮንቶ ነው፤ በየቤዝመንቱ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ አልጋ ሥር። ለዘመድ የተላከ፣ ከዘመድ የመጣ፣ በ1990ዎቹ ሀገር ቤት ደርሶ ሲመለስ የተነሳ። እሱም ሲፈራርስ የሚያየው የለም። ጁላይ 8 ቀን 2013 በፒርሰን አየር ማረፊያ በአንድ ቀን 126 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ፣ በጁላይ 2024ም ከተማው ሲጥለቀለቅ፣ ስንት ቤዝመንት ውሃ እንደገባበት የሚያውቅ ያውቀዋል። ውሃ የገባው አልበም ፎቶው እርስ በርስ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅ ፊቱ ይላጣል። አንድ ሰፈር ፒያሳ በዶዘር ሲፈርስ፣ ሁለተኛ ጊዜ ብሉር ላይ በዝናብ ይፈርሳል ማለት ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ምክር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚሠራውን ልዘርዝር።

በመጀመሪያ ካርቶኑን ከቤዝመንት ወደ ላይ አውጡት። ፎቶዎቹ እነዚያ የሚያጣብቅ ገጽና የላስቲክ ሽፋን ያላቸው አልበሞች ውስጥ ከሆኑ ቀስ ብላችሁ አውጧቸው፤ ሙጫው ከጊዜ ብዛት ፎቶውን ያበላሻል። ለቅቆ እምቢ ካለ አትታገሉት፤ እዚያው እንዳለ ቅጂ አንሱለት። ነጋቲቩንም አትጣሉ፤ ዋናው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ጀርባው ላይ ጻፉ። በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያሳልፋል። «የማይረሳ ቀን» ብላችሁ አትጻፉ፤ እሱንማ ሁላችንም ጽፈን ቀኑን ረሳነው! የት ነው? ስንት ዓመት ነው፤ በኛ ወይስ በፈረንጅ? ከጀርባ የሚታየው በር የማን ነው? ከግራው ምን ነበር፣ ከቀኙስ? ይህንን የሚያውቁት ትልልቆቹ ናቸውና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልታችሁ ጠይቋቸው። ፎቶው ጠፍቶ ሰው ቢኖር ይነገራል፤ ሰው ሞቶ ፎቶው ቢኖር ይታያል። ሁለቱ የሚገናኙበት ጊዜ ግን አጭር ነው።

ሦስተኛ፣ ስልክ ውስጥ ያለውን አትመኑት። ስልክ ይጠፋል፤ የይለፍ ቃል ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በዓመት አሥር ፎቶ መርጣችሁ በወረቀት አሳትሙ፤ አንድ ቅጂም ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ።

አራተኛ፣ ያለውን ብሉርና ዳንፎርዝ አንሱ። በዓመት አንድ ቀን ምረጡ። ከማዶ ቁሙ፣ አምና የቆማችሁበት ቦታ ላይ። በሩ ከነቁጥሩ ይግባ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቀርባችሁ ለብቻው አንሱት፤ የዕቁቡ፣ የዕድሩ፣ የሐዘኑ፣ የሙዚቃው ማስታወቂያ እዚያ ነው ያለው፤ የሰፈሩ ታሪክ የተጻፈው በሱ ነው። የምግብ ዝርዝሩን ከነዋጋው አንሱ። የክትፎ ዋጋ ከብዙ ንግግር በላይ ዘመንን ይናገራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። በሩን እንጂ ሰውን ሳትጠይቁ አታንሱ። ከኛ መካከል ፎቶው እንዲታይ የማይፈልግ ነበር፤ ዛሬም አለ። ሀገር ቤት ቤተሰብ ያለው፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተቋጨ፣ ያለፈበትን ያየ። በ1990ዎቹ ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ካሜራ ሲዞርበት ስንቱ ፊቱን በጋዜጣ ይሸፍን እንደነበር እናስታውሳለን። ከ1991 ጀምሮ ካነሳኋቸው በሮች የብዙዎቹ ደጃፍ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው፤ «ቆይ ልለፍ» እያሉ ዞር ይሉልኛል፤ እኔም እጠብቃለሁ። ያላዩ ሰዎች «ሰው የለበትም እንዴ?» ይላሉ። ሰውማ አለበት፤ ከፍሬሙ ወጣ ብሎ ቆሞ ነው።

ከእንግዲህ የሚፈርሰውን የምንመርጠው እኛ አይደለንም። የኪራዩን ውል የሚፈርመው ሌላ ነው፤ ዶዘሩን የሚያዘውም ሌላ ነው። እርሳሱ ግን በኛ እጅ ነው። የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ አንድ ፎቶ፣ አንድ ብቻ፣ አውጡና ጀርባውን ጻፉበት። ከዚያ ለልጃችሁ አሳዩት። «ይሄ ማነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ መልሱለት፤ ቀጥላችሁም «ከኋላ ያለውንስ አየኸው?» በሉት።

ቸር ይግጠመን።